ቅቤ የጠጣ ፍሬን

ሰንበታ ጆቴ ላይ የሚያበሳጨኝ አንድ ነገር ቢኖር ዝምታው ነው። አዳማ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ጋራዥ ለሁለት ተካፍለን እንሠራለን፤ እሱ በያጅ፣ እኔ የሞተር ሳይክል መካኒክ። ደንበኛ ሲያንጓጥጠው ዝም። መብራት በቀን ሦስቴ ሲጠፋበት ዝም። በእሱም ፈንታ ስጮኽ የምውለው እኔ ነኝ። እሱ ደግሞ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "ፍሬዘር፣ ደምህ ፈላ፤ ውሃ ጠጣ" ይለኛል። አልጠጣም። ውሃ የሚጠጣ ንዴት ንዴት አይደለም።

አባቱን ካወቅኩ ወዲህ ግን ዝምታው ከየት እንደመጣ ገብቶኛል። አባባ ጆቴ አዳሚ ቱሉ አጠገብ ሽንኩርትና በቆሎ የሚያመርቱ፣ ሲመርቁ አገር ቆሞ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ብረት ይሠራል። በእሳቸው ዘመን ብረት የሚሠራ ሰው ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ደግሞ ልጅ አይድሩለትም፣ አብረውት ማዕድ አይቀርቡም። ስለዚህ ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለጎረቤት፣ "ልጄ አዳማ ሾፌር ነው" እያሉ ኖሩ። ዘጠኝ ዓመት! የሰፈራችንን በርና መስኮት ግማሹን የሠራ ሰው፣ የመኪና መሪ ጨብጦ ሳያውቅ ሾፌር ሆኖ ኖረ። ይህን ሲያጫውተኝ እኔ ቁልፍ ወረወርኩ፤ እሱ ሳቀ።

የአባባ ጆቴ ቀኝ ጉልበት አይታጠፍም። እግራቸው ባጃጅ ውስጥ አይገባም፣ ጋሪ ላይ ተደግፈው መውጣት ደግሞ ያፍራሉ። በዚህ ምክንያት የባቱን የቅዳሜ ገበያ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያ ገበያ እኩዮቻቸው ተቀምጠው አገር የሚያወሩበት ነው። ሰንበታ ይህን ሲሰማ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ አንድ አሮጌ ሞተር ገፍቶ አመጣና በየእሑዱ ከቸርች መልስ ይሠራበት ጀመር።

ስምንት ወር ፈጀበት። ከኋላ በቱቦላሬ፣ በዚያ ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ሠራ፤ ቆዳ አለበሰው፤ ለማይታጠፈው እግር በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የሚዘረጋ ላሜራ በየደ። ስፋቱን የለካው ከአባቱ አሮጌ ጫማ ላይ ነው። የፊቱን ፍሬን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አሮጌውን አውጥቼ ዲስክ ገጠምኩለት። ዲስክ ከጎማው ጎን የምታብረቀርቀው ክብ ብረት ናት፤ ፍሬን ሲያዝ ሁለት የፍሬን ሸራዎች ግራና ቀኝ ጨብጠው ያቆሟታል። ቅባት ከነካት ግን ሸራው ያንሸራትታል፣ ፍሬን የለህም ማለት ነው። ይህን ሰንበታም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ልብ በሉልኝ።

ወንበሩ ላይ ሁለት ኩንታል ሲሚንቶ አስረን ቆቃ ደርሰን ተመለስን። ጉድጓድ አልመረጥንም። የእሱ ብየዳ ንቅንቅ አላለም፤ ከኋላ የምከተልበት የእኔ የመካኒኩ ሞተር ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫው፣ ግን መንገድ ላይ ወልቆ ወደቀ። ሰንበታ አንስቶ በሽቦ አሰረልኝና እስከ አዳማ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ይህችንም አልረሳሁለትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሞተር አዳሚ ቱሉ ገባን። አባባ ጆቴ ከደጃቸው ወጡ። ሞተሩን ዞሩት። ወንበሩን በጡጫቸው መቱት፣ መደገፊያውን ነቀነቁት። ከዚያ ሰንበታ ደግፏቸው ተቀመጡ፤ ያ የማይታጠፍ እግር ላሜራው ላይ ልክ ብሎ ተዘረጋ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩአቸውና፣

"ልጄ ነው የሠራው። በእጁ" አሉ።

ሰንበታ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። እኔም ልዋሽ አልፈልግም፤ እንባዬ መጣ።

"ሳይመረቅ አይወጣም" አሉ ቀጥለው። በሰንበታ ተደግፈው ወረዱ፤ እርጥብ ሣርና ለጋ ቅቤ በጣባ መጣላቸው። ሣሩን መሪው ላይ አሰሩ። በቅቤው መብራቱን ቀቡ፣ ወንበሩን ቀቡ። ከዚያ በማይታጠፈው እግራቸው እንደምንም ብለው ዝቅ አሉና ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ሆኑ። ከሞተሩ ሁሉ ያማረችው ዲስኳ ናት፤ የሞተሩ ፊት እሷ መስላቸዋለች። በአውራ ጣታቸው፣ ቀስ እያሉ፣ በሁለቱም ጎን ዙሪያዋን ቀቧት።

"ሆራ ቡላ! ርቡ፣ ኑሩ!"

"አሜን!"

"መንገዱ ይከፈትልህ! ብረቱ ይታዘዝልህ!"

"አሜን!"

ሰንበታ አየኝ። አየሁት። እሱም አሜን አለ። እኔም፣ ያቺን ዲስክ በገዛ እጄ የገጠምኳት እኔ፣ አፌን ከፍቼ አሜን አልኩ! ሰው ሲመርቅ በመሃል አይቆረጥማ! "አባባ፣ እዚያ አይነካም" ብሎ ሽማግሌ ከጉልበቱ ላይ የሚያስነሳ ማን ነው? ሲጨርሱስ በፊታቸው በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ አውጥቶ ምርቃታቸውን የሚጠርግ የማን ልጅ ነው? ዘጠኝ ዓመት የጠበቀው ቃል ከአፋቸው ገና መውጣቱ ነበር። ዞር ሲሉ እንጠርጋለን ብዬ ጨርቄን ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩ። እሳቸው ግን ዞር አላሉም። ተቀመጡና፣ "በል፣ ገበያው ሳይበተን" አሉት።

ሰንበታ በእግር ፍሬን ብቻ እየተጠነቀቀ ቀስ ብሎ ነዳ። ባቱ መግቢያ ላይ ሽንት ቤት ብሎ ሊያቆም፣ እኔ ደግሞ ዲስኳን ልጠርጋት፣ በዓይን ተግባብተናል። ጎረቤቶቹም በጋሪና በባጃጅ ከኋላችን ይከተላሉ። ሽማግሌው በግራ በቀኝ ሰላምታ እየሰጡ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ፍሬን ፍሬን እያልኩ።

ባቱ ሊታየን ሲል ከእርሻ መንገድ የቲማቲም ሳጥን የጫነ የፈረስ ጋሪ ድንገት ወጣ። የሰንበታ ጣቶች የፊቱን ፍሬን ሲጨብጡ አይቻለሁ። ጎማው እንደነበረ መዞሩን ቀጠለ። በእግሩ ረገጠ፤ የኋላው ጎማ ተቆልፎ ተንሸራተተ፣ ሞተሩ ከጋሪው በስንዝር አልፎ ቦይ ውስጥ ገባ።

ስደርስ ቦዩ ውስጥ የተቃጠለ ቅቤ ይሸታል። አስፋልት ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የወጥ ቤት ሽታ! ሰንበታ ጉልበቱ ተልጧል። አባባ ጆቴ የግራ ክንዳቸው ተሰብሯል። ጎረቤቶቹ ከየጋሪው እየዘለሉ ከበቡን። ያን ጊዜ ሽማግሌው ክንዳቸውን አቅፈው፣ ሁሉም እየሰማ ጮኹ፦

"አያችሁ? የቀጥቃጭ ብረት ሰው አይሸከምም!"

ላብራራላቸው አፌን ስከፍት ሰንበታ የእጄን አንጓ ያዘኝ። ጥፍሩ ቆዳዬ ውስጥ ገባ።

"ፍሬዘር፣ ተው። አባቴ ካወቀ በራሱ ያፍራል።"

ተውኩ። ሦስት ወር ተውኩ። ሰንበታ ሞተሩን አዳማ አምጥቶ የዝናብ ሸራ አለበሰው። አባቱ እንዳይመጣባቸው ላኩበት። እሱ ዝም ብሎ በር ይበይዳል፣ እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሳልነግረው ሞተሬን አስነስቼ አዳሚ ቱሉ ሄድኩ።

አባባ ጆቴ ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ክንዳቸው ጠሞ ገጥሟል።

"አካም ጅርቱ አባባ" ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። "የጣላችሁ ብየዳው አይደለም። ብየዳው አልተሰነጠቀም። ፍሬኑን ቅቤ ቀብተውት ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን አሉ?"

"ዕድሜዬን ሙሉ ቅቤ ሳሸት የኖርኩ ሰው ነኝ ልጄ። እዚያው ቦዩ ውስጥ ተኝቼ ሸተተኝ።"

"ታዲያ በሰው ፊት ቀጥቃጭ ያሉት እያወቁ ነው?"

"ያ ሁሉ ሰው ስመርቅ አሜን ያለ ነው። ምርቃቴ ጣለን ልበላቸው? ከዚያ ወዲያ ማን ያስመርቀኛል?"

"ልጅዎስ?"

"እሱ ልጄ ነው፤ ይችለዋል።" ዓይናቸው እንባ ሞላ። አላዘንኩላቸውም። "ለእሱ እንዳትነግረው" አሉኝ። ያቀረቡልኝን ወተት ሳልቀምስ ተነሣሁ።

እስከ አዳማ ድረስ ብቻዬን እየተሳደብኩ ነዳሁ። ሰንበታ ሲሰማ ነጻ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ጋራዥ እንደገባሁ፣ መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት።

"ያውቅ ነበር?" አለ።

"ከቦዩ ጀምሮ።"

"ቀጥቃጭ ሲለኝ ያውቅ ነበር?"

"አዎ።"

መነጽሩን አወለቀ። "እኔ እኮ እንዳያፍር ብዬ..." አለና አልጨረሰውም። ሸራውን ከሞተሩ ላይ ጎትቶ ጣለና የብረት መቁረጫውን አስነሳ። "ተው! ሰንበታ፣ ተው!" ብዬ ጮኽኩ። አልሰማኝም። መደገፊያውን፣ ቆዳውን፣ በአባቱ ጫማ የለካውን ላሜራ አንድ በአንድ ቆራረጠው። የራሱ ብየዳ አልቆረጥ ብሎ ስላስቸገረው በዚያ በኩል ትቶ ጤነኛውን ብረት ነበር የሚቆርጠው። እኔ አንዴ እንኳ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። እንዲህ እንዲቆጣ ያደረግኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ በማይዘጋ አፌ።

ሲጨርስ ቁርጥራጩ መሃል ተቀመጠ።  ከጀሪካኑ ቀድቼ አቀረብኩለት።

"ሰንበታ፣ ውሃ ጠጣ" አልኩት።

"አልጠጣም" አለኝ።