የአጥር ማዶ ደቀ መዝሙር

ንጋቷ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ድምፅዋ ይቀጥናል። እንደተወጠረ የክራር ጅማት ይቀጥንና የሰማው ሰው አሁን ተበጠሰ፣ አሁን ተበጠሰ እያለ ይጨነቃል። ያን እሁድ ከአምልኮ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ ወንጌላዊ እንድርያስ ፊት የቀጠነው እንደዚያ ነው።

«ማን አልከኝ?»

«ጋሽ ገሠሠ፣ ጎረቤትሽ። ጌታን ተቀብያለሁ ብሎ መጣ። ማን አስተማረህ ብለው ንጋቷ ናት አለኝ።»

«እኔ? እኔ ለዚያ ሰው አፌን ከከፈትኩ ሁለት ክረምት አለፈኝ!»

«አንቺማ አልከፈትሽለትም። መዝሙርሽ ነው የከፈተለት። በአጥር ማዶ ቆሞ አንድ በአንድ አጥንቶታል።» እንድርያስ ፈገግ ሊል ሞከረና ፊቷን አይቶ ተወው። «ጥምቀቱ የፊታችን እሁድ ነው፣ እህት ንጋቷ። ወግ ደግሞ ወግ ነው።»

ወጉን ያመጣችው ራሷ ናት። በነሱ ቤተ ክርስቲያን ተጠማቂ ብቻውን ወደ ወንዝ አይወርድም፤ ያስተማረው ሰው እጁን ይዞ እስከ ውኃው ያደርሰዋል። «የወለድከውን ልጅ ሜዳ ላይ አትጥለውም» ብላ የዛሬ ብዙ ዓመት ሽማግሌዎቹን የሞገተችው እሷ ነበረች። እጁን የሚይዝለት ያጣ ሰው ዳር ቆሞ ሌሎች ሲጠመቁ ያያል እንጂ አይጠመቅም።

«እኔ አልወለድኩትም» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «ሌላ እናት ፈልግለት።»

ንጋቷ በገበያ ቀን ሚዛን ከተማ ኮረሪማና እርድ ትሸጣለች፤ በሌላው ቀን ትዘምራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ባንድ ላይ። ደቀ መዝሙር የሚለውን ቃል ገና በልጅነቷ ለራሷ ፈታችው፤ የመዝሙር ልጅ ማለት ነው አለች። እንድርያስ «ተማሪ፣ ተከታይ ማለት ነው» ቢላት «ይሁን፤ መዝሙሩን ታዲያ ምን ልታደርገው ነው?» ብላዋለች። ሰው በስብከት ሊያምን ይችላል፣ የሚወለደው ግን በዜማ ነው ባይ ናት። ጌታ ሂዱ ብሏልና ሄደች። በማሻ ጉም ውስጥ ዘመረች። በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ ማጂ ወጣች። ቴፒ ላይ ከቡና ለቃሚዎች ጋር ቅርጫት አንጠልጥላ እየለቀመች ዜማ አስያዘቻቸው። ያልደረሰችበት አገር የለም ይሏታል።

አንድ ቦታ ግን አልደረሰችም። ከአጥሯ ማዶ።

ገሠሠ የቤንች ሰው ነው። አማርኛን የለመደው ከገበያ ነውና «አንተ» እና «አንቺ» እስከ ዛሬ ይምታቱበታል። አንዴ የቀበሌውን ሊቀ መንበር በሰው ፊት «ነዪ፣ እዚህ ተቀመጪ» ብሎት ገበያው በሳቅ ሊፈርስ ነበር። የንጋቷ ባል ዓለምሰገድ ግን ሲስቅበት እኩል ለእኩል ነበር፤ እሱ በቤንችኛ ሲሞክር ደግሞ የገሠሠ ሚስት ሆዷን ይዛ ትወድቅ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ቡና አብረው ተከሉ፣ አብረው አረሙ። በመካከላቸው ያለውን ድንበር በቡና መስመር ያስያዘው ዓለምሰገድ ነው። «ድንጋይ ያጣላል፤ ቡና ግን ያስታርቃል» እያለ።

ዓለምሰገድ ሞተ። በዓመቱ መሬት ሊለካ ነው ተባለ። ንጋቷ ማሻ ጉባኤ ላይ ልትዘምር ሄዳ ሳለች፣ ያ «ነዪ ተቀመጪ» ባይ፣ ያ የቤት ልጅ፣ መጥረቢያውን አንስቶ የድንበሩን ቡና ከዳር እስከ ዳር ቆረጠው። ስትመለስ ጉቶ ተቀበላት። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም ነበር፤ ፍሬው እንደ ቀላ መሬት ላይ ተኝቷል። ለኪዎቹ መጥተው በጉቶው መስመር ለኩና ሄዱ፤ ገሠሠም አንዲት ስንዝር አላተረፈም። እሷን የበለጠ ያንገበገባት ይኸው ነበር። ለከንቱ! ለምንም!

ቡና ሲቆረጥ አይሞትም። የቡና አገር ሰው ያረጀውን ራሱ ጎንድሎ ያድሰዋል። የዓለምሰገድም ጉቶዎች ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር አቆጠቆጡ። ንጋቷ ግን ቡቃያውን በአውራ ጣቷ ሰበረችው። ደግሞ ወጣ፤ ደግሞ ሰበረችው። «ጉቶ ሆነው ይቁሙ» አለች። «አላፊ አግዳሚው ሥራውን ይይለት።» ጠዋት ጠዋት እዚያው ቆማ እየሰበረች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም ትዘምራለች። ያ ሁሉ ሰው የሚወድላት መዝሙር ከዚያ ጉቶ ላይ የበቀለ ነው፦

*ቅጠሌ ቢረግፍ፣ ግንዴ ቢቆረጥ፣*
*ሥሬን ታውቃለህና ዳግም ላቆጥቁጥ፤*
*በድዬ መጥቻለሁ፣ ከደጅህ ቆሜ፣*
*ይቅር በለኝ ጌታ፣ ይብቃ መድከሜ።*

ለጌታዋ ያለቀሰችው ነው እንጂ ለገሠሠ መቼ ዘመረች! ሌባ፣ አሁን ደግሞ ዜማዋን ሰረቀ።

በገበያው ቀን ኮረሪማዋን ዘርግታ ስትቀመጥ አጠገቧ ጨርቅ የምትሸጠው ረቢያ ዓይኗን ጣለችባት። የጅማ ቤተሰብ ልጅ ናት ረቢያ፤ ሙስሊም ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል።

«ምነው እቴ፣ ኮረሪማሽም ዛሬ ተቆጥቶ ነው የመጣው?»

«ተዪኝ ረቢያ። ገሠሠን እጁን ይዘሽ አስጠምቂ ይሉኛል።»

«ታዲያ ድሮስ ሥራሽ ይኸው አይደል?»

«ቡናዬን የቆረጠ ሰው እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። አገር ያውቃል፤ ጉቶውን ጠብቀሽ አሳይተሽናል።» ረቢያ ጨርቋን አራገፈች። «እኔ የናንተን ነገር አላውቅልሽም። ግን ስንት ዓመት ጎተጎትሽኝ? ‹አንድ ቀን ትሰሚኛለሽ› እያልሽ? እንቢ ያልኩሽን እኔን ትለምኛለሽ፣ እሺ ያለሽን ታባርሪያለሽ። ወይ ጉድ! ምን ዓይነት ነጋዴ ነሽ?»

«ይሄ ንግድ አይደለም!»

«ይሁና። በኛ ጎረቤት ማለት እስከ አርባ ቤት ድረስ ነው ይባላል። አንቺ ግን መቁጠር የምትጀምሪው ከአርባ አንደኛው ነው።»

ንጋቷ ኮረሪማዋን ሳትሸጥ ሰብስባ ተነሣች። ውሸት የነገራትን ሰው ትረሳዋለች፤ እውነት የነገራትን ግን መንገዱን ሁሉ ስትሰድበው ሄደች። ረቢያን ሰደበች። እንድርያስን ሰደበች። ዓለምሰገድንም ሳይቀር፣ ያንን ሰው ወዳጅ አድርጎ ጥሎባት በመሄዱ፣ አፈር ውስጥ ሳለ ወቀሰችው። ልቧ ቆርጦ ነበር፤ ማለዳ ገሠሠ ዘንድ ሄዳ «እኔን አትጠብቅ፣ ሌላ ፈልግ» ትለዋለች። በአንዲት ቃል ያልቃል።

ማለዳ ወደ አጥሩ ስትወርድ ጉሙ ገና ከዛፎቹ አልተነሣም። ገሠሠ ቀድሟት ቆሟል፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሻከረ ድምፅ እያንጎራጎረ። የሷን ዜማ። ጉዳዩን በአንዲት ቃል ልትጨርስ የመጣችው ሴት ቆማ አዳመጠች፤ ሌላው ሁሉ ይቅርና ዜማውን መያዙ አናደዳት። አሁን ይሳሳታል ብላ ስትጠብቅ ደግሞ፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ፦

«ይቅር በዪኝ ጌታ፣ ይብቃ መድከሜ…»

ይኼን ጊዜ ጅማቱ ተበጠሰ።

«በለኝ!» ስትል ጮኸች፤ በዕድሜዋ ጮኻ የማታውቀው ሴትዮ። «በለኝ ነው! ጌታን በዪኝ ይባላል እንዴ? ስንት ዓመት ተነገረህ? ቡናውን አበላሸህ፣ አሁን መዝሙሩንም ታበላሸዋለህ?»

ገሠሠ ዞረ። ጎንበስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ለጌታ በለኝ ብዬዋለሁ» አለ። «ማታም ብዬዋለሁ። አሁን ያልኩት አንቺን ነው።»

«እኔን?»

«አንቺን። በዪኝ።»

«ታዲያ ‹ጌታ› የሚለውን ምን አስገባህ?»

«ካወጣሁት» አለ ገሠሠ ግራ እንደ ገባው ሰው፣ «ዜማው ይጎድላል።»

ንጋቷ አጥሩን ያዘች።

«ለምን ቆረጥከው?»

«መሬት ሊለካ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ዓለምሰገድ የለም፣ አንቺ ማሻ ነሽ። መስመሩ ከጠፋ ድንበሩ ወዲያ ይገፋልኛል አልኩ። ስግብግብ ሆንኩ፤ ሌላ ስም የለውም።»

«ጓደኛህ ነበር!»

«ነበረች» አለ፤ ወዲያው ደነገጠና «ነበር» ብሎ አረመው።

እዚያ ጋ፣ ከሁለት ክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዓለምሰገድ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣ። «ሰማሽው?» የሚል፣ ጉልበቱን እየመታ የሚስቅ። ከንፈሯን ነከሰች። ለዚህ ሰው አትስቅም። ሞታ ትገኛለች እንጂ አትስቅም። ዕንባዋ ግን ፈቃድ አልጠየቃትም።

«ስማኝ ገሠሠ» አለች ድምፅዋ መልሶ እየቀጠነ። «አልታረቅኩህም።»

«እሺ።»

«ሽማግሌ ብትልክም፣ እንድርያስ ቢሰብከኝም። ሳይህ ያቃጥለኛል። ዛሬም ያቃጥለኛል።»

«እሺ፣ ንጋቷ።»

«እሺ እሺ አትበለኝ! እሁድ ወንዙ ዳር በዪኝ ብለህ ብትዘምር ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚሰድበው። ያስተማረችው ንጋቷ ናት ይላሉ። በል፣ ከመጀመሪያው።»

ገሠሠ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ጀመረ። እሷም በአጥሩ ወዲህ ሆና ተቀበለችው፤ ስታርመው እንደ ጅራፍ፣ ስታስይዘው እንደ እናት። «ቅጠሌ ብለህ ሳብ አድርገው፤ አትሩጥበት፣ ማን ያባርርሃል?» ጉሙ ሲገለጥ ሁለቱም አራተኛው ስንኝ ላይ ደርሰው ነበር። እሱ «በለኝ» አለ፤ ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነበር። እሷም «በለኝ» አለች፤ ዓይኗ ጉቶው ላይ፣ አውራ ጣቷ ደጋግሞ የሰበረው ቦታ ላይ ዐረፈ። ማንን ይቅር በለኝ እያለች እንደሆነ ለራሷም አልለየላትም፤ ይኸም አናደዳት።

«እሁድ ነጭ ልበስ» አለችው ፊቷን አዙራ። «ዘግይተህ እንዳታስጠብቀኝ። እጄንም ጠበቅ አድርገህ ያዝ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ በልማዷ ጉቶው ላይ ጎንበስ አለች። አዲስ ቡቃያ ወጥቷል፤ ሁለት ቅጠል፣ ጠል የያዘ። አውራ ጣቷ ተዘረጋ።

«ለዛሬ» አለችው ቡቃያውን፣ እንደ ተቆጣች። «ለዛሬ ብቻ ነው።»

ትታው ገባች።