ያልሰረቅኩት ጣቃ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የእህቴ ልጅ ማክዳ ስልኳን ይዛ መጣችና «አክስቴ፣ አንድ ነገር እንድትሠሪልኝ ነው» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ወጣቶች ድራማ እየቀረጹ ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ቀማኛ ነው፤ በመጨረሻ ተንበርክኮ ያለቅሳል። እኔ የምፈለገው ማብቂያው ላይ ነው፤ ስሜን ተናግሬ፣ «ይህ የልጄ ታሪክ ነው» ብዬ እንባዬን እንድጠርግ። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም። ይህን ስላት «አውቃለሁ አቦ! ሰው ግን እውነት ሲመስለው ነው የሚነካው» ብላኝ አረፈች። የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ።

ይህችኑ ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት ከወንድም ጌታሁን አፍ ሰምቻታለሁ።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድሬዳዋ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ፣ ሐጂ ዩሱፍ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ዘንድ እሠራ ነበር። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ሰው የሚያልፍበት አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ይቀራል። ጠዋት የብረት በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። ያንን ቁልፍ ሐጂ እጄ ላይ እስኪያኖሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው ከእኔ አልተነቀለም። እኛ ቤት ማዕተብ አይታሰርም፤ የሐጂ ቁልፍ ግን በክር አንገቴ ላይ ነበር። ለሥራዬ ብቻ ሳይሆን ለስሜም እንደ ምስክር ወረቀት አየው ነበር።

ወንድም ጌታሁን የቤተ ክርስቲያን ኅብረታችን ድራማ ጸሐፊ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ነገር ግን ያለ ወንጀል ድራማ አይሆንለትም። ኮንትሮባንድ፣ ቀማኛ፣ የተሰበረ ሳጥን፤ ማብቂያው ላይ ሁሉም ያለቅሳል፣ ፖሊሱ ሳይቀር። አንድ ቀን ከሐጂ ሱቅ ዓምና ስለጠፋ ሰማያዊ ጣቃ አጫወትኩት። በወሩ ድራማ አድርጎት መጣ። ሌባዋን የምጫወተውም እኔ ሆንኩ።

የተቀረጸው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፣ በቀትር። ድሬ በዚያ ሰዓት ዘግታ ትተኛለች። ሐጂ «ጨርቄን ላብ እንዳታስነኩብኝ ብቻ» ብለው ፈቀዱልን። የብረት በሩን ወደ ታች ስበነው፣ አምፖል አብርተን፣ ከአምስት ሰው ጋር ገባን። ምድጃ ነው እንጂ ሱቅ አይመስልም ነበር። ጣቃውን በብብቴ ሸጉጬ ሦስቴ ወጣሁ፣ ሦስቴ ተያዝኩ።

በእኛ ኅብረት ድራማ ያለ ምስክርነት አያልቅም። ታሪኩ ሲያበቃ አንድ ሰው ይነሣና «እኔም እንዲህ ነበርኩ፣ ጌታ አወጣኝ» ይላል። የዚያን ቀን የሚመሰክረው፣ በእርግጥም ሌባ የነበረ ወንድም፣ «ፊቴን በቪዲዮ አላሳይም» ብሎ ቀረ። ካሜራው የኪራይ ነው፣ ማታ ይመለሳል። ጌታሁን ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ በዪው።»

«እኔ መርፌ ሰርቄ አላውቅም እኮ።»

«ሰው እውነት ሲመስለው ነው የሚነካው፣ ሰብለ። ነፍስ ይድንበታል።»

አልኩት። «ሰብለ እባላለሁ፣ ሌባ ነበርኩ» ብዬ ጀመርኩና እንባዬ ወረደ። ሙቀቱ ይሁን ረሀቡ እንጃ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ሕዝብ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ከጥፋት የወጣውን ነው። እኔ በልጅነቴ ገብቼ መዝሙር ስዘምር ያደግኩ ሰው ምን አለኝና እመሰክራለሁ?

ካሴቱ ላይ «እውነተኛ ታሪክ» ተብሎ ተጻፈበት። ተባዝቶ እስከ መልካ ጀብዱ ደረሰ፤ ቪዲዮ ቤቶች ሳይቀሩ አሳዩት። በመጀመሪያው ሳምንት መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ ትርሲት የምትባል ሴት ወደ ኅብረታችን መጣች። በዕድሜ ትበልጠኛለች። እጄን ይዛ «አንቺን ባላይ እዚህ ደጅ አልረግጥም ነበር» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየእሑዱ አጠገቤ ትቀመጣለች። የምታስጨንቅ ሴት አይደለችም፤ አንዳንዴ ብቻ የምትለው ያላት ይመስል ዓይኔን ታየኛለች።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ሱቅ ስደርስ በሩ ተከፍቷል። ሐጂ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬ ማለዱ፣ ሐጂ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቁልፉን ስጪኝማ፣ ላስቀርጸው ነው።»

ሰጠኋቸው። ሳይመለስልኝ ሳምንት ሞላው። የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሐጂ የጠፋ ጣቃቸው ካሴቱ ላይ ተገኝቶላቸዋል። «ሐጂ፣ ድራማ እኮ ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «በራስሽ ስም፣ በአምላክሽ ፊት አላልሽም እንዴ? የዋሸሽው ያኔ ነው ወይስ አሁን?»

ለደንበኞቻችን ቪዲዮው ደርሷቸዋል፤ ጨርቅ ላወርድ ስጠጋ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ይስባሉ። አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ዕድሜውን ሲሠራ አንዲት ብሎን ወደ ቤት ያላመጣ ሰው ነው፤ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ መጫወቱን ተወ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «ውሸት ነው» እንዳልል ትርሲት አለች፤ የእኔን እንባ አምና የገባች ሴት ምን ይውጣት? ለጌታሁን ነገርኩት። «በአንዲት ነፍስ እንዳትጫወቺ» አለኝና እሱ ደኅና አደረ። እኔ ቀን ቀን ከጣቃው መሐል፣ እሑድ እሑድ ከትርሲት አጠገብ፣ መላወሻ አጣሁ። ያ በጋ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ሌሊት ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ስንተኛ እንኳ አየር የሚያጥረኝ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ወር መታገሥ አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አቋርጬ መናኸሪያ ሄድኩ። ትርሲት ትኩስ ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሳልቀምሰው «ትርሲት፣ ሰርቄ አላውቅም፣ ያልኩት ሁሉ ውሸት ነው» አልኳት። ተነሥታ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አውቃለሁ» አለችኝ፣ ዘይቱን እያማሰለች።

«ምኑን?»

«ጣቃ በብብት አይሰረቅም። ከባድ ነው፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄጂ ይወድቃል። እኔ ሰፊ ድሪአ ለብሼ በጭኖቼ መሐል ይዤው ነው የወጣሁት።» ማማሰያውን አስቀመጠች። «ሰማያዊ ነበር። አንቺ ጣቃ እየለካሽ ነበር፣ ጀርባሽን ሰጥተሽኛል።»

«ታዲያ ለምን አጠገቤ ትቀመጫለሽ?»

«በእኔ ጣቃ ስታለቅሺ አየሁሽ። ዛሬ ትናገራለች፣ ያኔ እኔም እናገራለሁ እያልኩ እሑድን እጠብቅ ነበር። ዝም ስትዪ እኔም ዝም አልኩ።»

እኔ ለእሷ ሳዝን፣ እሷ እኔን ስትጠብቅ፣ ሁለታችንም ስንታፈን ከርመናል ማለት ነው።

ሰኞ ጠዋት ትርሲት ሱቅ መጣች። ሦስት ደንበኞች ነበሩ፤ እስኪሄዱ አልጠበቀችም። «ሐጂ፣ ዓምና ሰማያዊውን ጣቃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጅጅጋ ወስጄ ሸጥኩት። ይህቺ ልጅ ንጹሕ ናት» አለች። ሐጂ «ሱብሃነላህ» አሉና ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው መለኪያው አጠገብ አስቀመጡልኝ። ለትርሲት «ተቀመጪ» ብለው ሻይ አዘዙላት። ፖሊስ አልጠሩም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የጌታሁን ድራማ ይሆን ነበር። ግን ሐጂ በሚቀጥለው ወር ትርሲትን ቀጠሯት። ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላት ሁለተኛ ቁልፍ አስቀርጸው ሰጧት። እኔ በሸቅኩ። ሁለት ዓመት ጠብቄ ያገኘሁትን፣ የሰረቀቻቸው ሴት በስምንት ወር! ሄጄ በግልጽ ጠየቅኳቸው።

«አንቺ ያልሠራሽውን ሠራሁ አልሽ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ። «እሷ የሠራችውን ሠራሁ አለች። ለየትኛዋ ቁልፍ ልስጥ?»

ደግሞ ቁልፌን አልቀሙኝም፤ ስለዚህ መናደድ እንኳ አልቻልኩም። ከትርሲት ጋር ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ አንድ በር ስንከፍትና ስንዘጋ ኖርን። ዛሬም ሰፈራችን አንድ ነው፤ ሳምቡሳዋን አልተወችም።

ለማክዳ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ዓይኗ በራ። «አክስቴ፣ በቃ የእኛን ድራማ ተዪው። ይሄን ንገሪን፣ በስምሽ» አለችና ስልኩን አንሥታ ወደ ፊቴ አዞረችው።

እጄን ፊቴ ላይ አደረግኩ። ለውሸቱ ስሜን ስሰጥ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም ነበር። ለዚህኛው እስከ እሑድ ጊዜ ስጪኝ አልኳት።