ከመንገድ የገባ ሰው

እህቴ ዘሀራ «ልጆቼን ገደልክብኝ» ብላ ከቤቷ አባረረችኝ። አልገደልኳቸውም። የገደላቸው ኩፍኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት አሁን በምኖርበት ሰፈር በበቾ ቦሬ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ስለ ኩፍኝ ክትባት በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኸ አለፈ። ጎረቤቶቼ ሕፃናታቸውን አዝለው፣ እየተሳሳቁ ተከተሉት። የኩፍኝን ስም እየጠራ የሚስቅ ሰው ያየሁት በስተርጅና ነው። በእኛ ጊዜ ኩፍኝ ያልወጣለት ልጅ ከልጅ አይቆጠርም ነበር።

ያኔ ጢሜ ገና አልበቀለም። ሊሙ ገነት የሰው ቡና ስለቅም ከርሜ፣ ለቀማው ሲያልቅ ለእህቴ ሁለት ልጆች ሸንኮራ ተሸክሜ እሷ ወደምትኖርበት ሰርቦ ገባሁ። ጭቃው ደርቆ አቧራ ሆኗል፤ በየደጁ የተሰጣው ቡና ይሸታል። ኩፍኝ ያለበት ቤት መንገደኛ አይገባም፤ የመንገድ ላብ በሽታውን ያስቆጣዋል ይባላል። ለምልክት በር ላይ ቅጠል ይሰቀላል። የዘሀራን ቅጠል ፍየል በልታዋለች። እኔ ምን ላውቅ፣ ዘው አልኩ። ልጆቹ ጨለማ ውስጥ ተኝተዋል፤ ፊታቸው ሽፍታ ብቻ ሆኗል። ትንሿ ድምፄን ለየችው።

«ሸንኮራ አመጣህ?» አለችኝ።

ዘሀራ ከጓዳ ወጣች። «ማን ግባ አለህ?»

«በሩ ክፍት ነው።»

«ከነላብህ? ማሎ፣ ጨረስከኝ።»

ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱም ተቀበሩ። ሽፍታው እኔ ከመምጣቴ በፊት የወጣ መሆኑን ያነሳ ሰው የለም። አገሩ «እግሩ ክፉ ነው» አለኝ። ወደ ሊሙ ተመለስኩ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሕፃን ያዘለች ሴት ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። እግሩ ክፉ ለተባለ ሰው ማን ልጁን ይድራል? ሳላገባ አረጀሁ። ፊደል እንኳ የለየሁት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ሲመሽ የማወራው ሰው ባጣ ነው።

ዘሀራ ሌሎች ልጆች ወለደች። እነሱም ተከተቡ፣ ልጆቻቸውም ተከተቡ። በዚያ ግቢ ዳግም በኩፍኝ የተቀበረ የለም። ቅጠል መስቀሉም ቀረ። እኔ ግን ለሰርግም ለለቅሶም ስሄድ ውጭ፣ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፤ ምግቤ እዚያው ይመጣልኛል።

ዘንድሮ ለልጅ ልጇ ኒካህ ሄድኩ። ሾፌር የሆነው ሌላው የልጅ ልጇ ከሊሙ ቡና ጭኖ መጣና ላቡ ሳይደርቅ ቤት ገብቶ ሕፃን ልጁን አቅፎ ወጣ። ዘሀራ ደፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ይሄም ከመንገድ ነው የመጣው» አልኳት።

«ልጁ ተከትቧል።»

«ታዲያ የገደላቸው ኩፍኙ ነው ወይስ ላቤ?»

ዓይኗ ደክሟል፤ ወደ ድምፄ ዞረች። ከዚያ የግቢውን ልጆች «የአጎታችሁን ምግብ ወደ ውስጥ አስገቡት» አለቻቸው።

ገባሁ። የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ መሀል ቤት ቆምኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ ክትባቱ ለእነሱ ልጆች ደረሰ፤ ደግ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ለእኔ ግን ሚስትም ልጅም አይሰጠኝም። የእኔና የዘሀራ ነገር ያለቀው በዚያ ኒካህ ቀን፣ ጥቅምት አሥራ ስድስት፣ እሁድ ነው።