የዓሣ ቆለጥ የተጠለፈበት የአልጋ ልብስ

የእህቴ ባል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራው የዓሣ ቆለጥ መክተፍ ነው። አትሳቁ፤ ደሞዝ የሚከፈልበት ሥራ ነው። የዓሣ ምርምር ጣቢያ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ የወንዴውን የዘር ፍሬ ሰም ውስጥ ያሽጋል፣ ከፀጉር አሳስቶ ይቆርጠዋል፣ ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ያጠጣዋል፣ መስታወት ላይ ለጥፎ ለተመራማሪዎቹ ያስረክባል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ጋሽ ሰሙ» ነው የሚለው።

ታዲያ ይህ ሰው እሁድ እሁድ ጥልፍ ይጠልፋል። ምን ይጠልፋል? ያየውን ነዋ! ሌላ ምን አይቶ ያውቃል?

ልጁ ልታገባ ነው ሲባል ሁለት ዓመት የፈጀ የአልጋ ልብስ ሠራላት። ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ክብ ክቡ ጥልፍ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ ሮዙ ወደ ሐምራዊ እየከረረ፣ የአበባ ማሳ እንጂ ሌላ አይመስልም። ልጅቷ ግን አባቷን ታውቀዋለች። የእጮኛዋ እናት ቤታችንን ሊያዩ በሚመጡበት ዕለት ጥግ ወስዳ ያዘችው።

«አባዬ፣ ምን አበባ ነው ካሉህ ጽጌረዳ በል።»

«ጽጌረዳ እንዲህ ነው እንዴ?»

«አባዬ በናትህ! እናቱ እምቢ ካሉ እሱ ከቃላቸው ወይ ፍንክች። አለቀልኝ ማለት ነው። ጽጌረዳ!»

«እሺ፣ ጽጌረዳ» አለ፣ መርፌ እንደሚወጋ ልጅ ፊቱን አጨማድዶ።

ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር መጡ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሰላምታው ሳያልቅ መነጽራቸውን አድርገው የአልጋ ልብሱን ገለበጡና ጀርባውን መረመሩ።

«እጅዎ ይባረክ! ምን አበባ ነው?»

ሻዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ደረቅሁ።

«ጽ...» አለ ጋሽ ሰሙ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ። «ጽ... ቆለጥ ነው። የዓሣ።»

እህቴን ትን አላት። ልጅቷ ወደ ጓዳ ሮጠች። እጮኛዋ ኮርኒሱን ይቆጥር ጀመር።

«የምን?» አሉ ሴትዮዋ።

አንዴ ካመለጠው ማን ያስቁመው! «ይኸውልዎት እትዬ፣ እያንዳንዱ ክብ ከረጢት ነው። ዙሪያውን ያቀፉት ሞግዚት ሕዋሳት ናቸው፤ ይመግባሉ፣ ይጠብቃሉ። ውስጥ ያሉት ሁሉ ከአንድ ሕዋስ የተባዙ ስለሆኑ እኩል ነው የሚያድጉት፤ የሚቀድም የለ፣ የሚዘገይ የለ። እዚህኛው ውስጥ ገና ትልልቅና ፈዛዛ ናቸው። እዚያኛው ውስጥ እየተከፈሉ አንሰዋል። ይኼኛው ውስጥ ደቃቅ፣ ድፍን ሐምራዊ ሆነው ጭራ አውጥተዋል። ሲደርሱ ከረጢቱ ይከፈትና በአንዴ ግር ብለው መሐል ወዳለው ቦይ!»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው አንድ ከረጢት ጫር አደረጉ።

«እዚህ ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል ይደርሳሉ ነው ያሉኝ?»

«ሁሉም!»

«ታዲያ ይቺ ምን ትሠራለች?»

ከድፍን ሐምራዊዎቹ መሐል አንዲት ወፍራም ሮዝ ተጎልታለች። ጋሽ ሰሙ አፍንጫው ጨርቁን እስኪነካ ተደፋ።

«እሷማ... ክር አልቆብኝ...»

«ክር አልቆብኝ! በእኔ ጊዜ ቢሆን የጨርቁ ጥቅል በሙሉ ነበር የሚመለሰው።»

«ልክ ነዎት» አለ ድምፁ ሰልሎ። «እንዲህ ያለ ጉድ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

«መቀስ አምጡ!»

ልጅቷ ከጓዳ በር ብቅ አለች። «እትዬ፣ የኛ ጉዳይስ...»

«ቆይ አንቺ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነን።»

ሴትዮዋና ጋሽ ሰሙ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጥልፉን መፍታት ያዙ። እጮኛው ሐምራዊ ክር እንዲገዛ ተልኮ ሰማያዊ ይዞ መጣ። እናቱ ክሩን አይተው፣ እሱን አይተው፣ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ካገባሽው በኋላ ይሄን ልጅ ክር እንዳትልኪው። ራስሽ ግዢ።»

ልጅቷ በሩን ይዛ «እሺ እትዬ» አለች፣ እንባና ሳቅ እየተናነቃት። ቀና ብሎ ያያት የለም፤ ሌላ ስህተት አግኝተው ነበር።