ውሃ የምትጠጣው ቀይ ማኪና

አዘዞ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። ሰው እስከ ዛሬ የባሏ ጋራዥ ይለዋል። ሞተር መፍታት ከባሌ እንደተማርኩ አልክድም፤ እሱ ካረፈ በኋላ ግን በሩን በየማለዳው የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባቴ ወገራ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ቢላዋ ይሠራል። ከዘመዶቻችን አብዛኞቹ አገር ለቀው ሄደዋል። እኛ ለምን እንደቀረን ለሚጠይቀኝ መልስ የለኝም፤ ቢኖረኝም አልሰጥም። የቀጥቃጭ ልጅ በመሆኔ ዓይኔ ይፈራል። ያየችውን ትበላለች ነው የሚባለው።

ይህን ስም አዘዞ ላይ የለጠፈብኝ አንድ ጎረቤቴ ነው። ሙሽራ ሆኜ በመጣሁበት ዓመት ሕፃን ልጁን በእናቱ ጀርባ ላይ አየሁና «ሸጋ ልጅ» አልኩ። ልጁ በማግስቱ አተኮሰው። ሰውዬው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብዬ ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ መጥቶ የቀሚሴን ጫፍ በመቀስ ቆርጦ ወሰደ። ልጁን ሊያጥኑበት ነው፤ የቡዳው ጨርቅ ሲጤስ በሽተኛው ይለቀቃል ይላሉ። ልጁን ያዳነው የጤና ጣቢያው መርፌ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለጭሱ ሆነ። ቀሚሱ የሰርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቶች በደጄ ሲያልፉ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔም መሬት መሬት ማየት ለመድኩ።

ያ ሕፃን አድጎ ባለፈው ጥር ሊያገባ ከአዲስ አበባ መጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ቀይ የስፖርት ማኪና እየነዳ ነው የመጣው። አባቱ እስከ ጠዳ ወርዶ ስለተቀበለው ጎኑ ተቀምጧል። ጋራዤ ፊት ለፊት ቆሙ። ከማርሚታዋ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ሽታው ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል።

«ልጄ፣ ይህች ማኪና ውሃ እየጠጣች ነው። አትንዳት» አልኩት።

«እውነትሽን ነው እትዬ፤ ራዲያተሩን በየመንገዱ ስሞላ ነው የመጣሁት። የሚያፈስ ቦታ ግን የላትም።»

«ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ወደ ውስጥ እየገባ ነዋ።»

አባቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ንዳ! ምን ቆመህ ታሳያታለህ? ንዳ ብያለሁ!»

ነዳ። በማግስቱ ለዘመድ ሊያሳያት ማክሰኝት ሲወርድ መንገድ ላይ ፈልታ ቆመች፤ በጭነት ማኪና ተጭና ተመለሰች። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል። ትናንት አይታት ነበር፣ በላቻት። ከተማ ያለ አንድ መካኒክም ሞተሩ አልቋል፣ አዲስ ይምጣ ብሎ ፍርዱን አጸናው። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ሰርጉ እሑድ። ልጁ ግን የነገርኩትን አልረሳም፤ ማኪናዋን አስገፍቶ ጋራዤ አመጣት። አባቱም ተከትሎ መጣ፣ ከደጁ ሳያልፍ።

ማኪናዋ ካልተነሳች ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። የቀሚሴ ወሬ እያረጀ ነበር፤ አሁን አዲስ ወሬ ይወለዳል፣ ከዚያ ወዲያ ማኪናውን ለእኔ ዓይን አምኖ የሚያቆም ደንበኛ አይኖርም።

ኮፈኑን ከፈትኩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስመዝ ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ሆኗል። አራቱን ካንዴላዎች ፈታሁ። ሦስቱ ጠቁረዋል፣ አራተኛው እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል።

«ጓርኒሲዮኑ ነው የተቃጠለው» አልኩ። ጓርኒሲዮን በሞተሩና ክዳኑ በሆነው ቴስታታ መካከል የሚነጠፍ ስስ ነገር ነው፤ እሳቱንና ውሃውን የሚለያያቸው እሱ ነው።

ሞተሩ እስኪበርድ ተቀመጥኩ። ሰውዬው ከደጅ ሆኖ «ምነው ቁጭ አለች? ጨነቃት?» አለ።

«ትኩስ ቴስታታ ከፈቱት ይጣመማል፣ አያ። ችኮላ ብረት ያበላሻል። ሌላም ነገር ያበላሻል።»

ሲበርድ ቡሎኖቹን ፈትቼ ቴስታታውን አነሳሁ። ጓርኒሲዮኑ በአራተኛው ሲሊንደርና በውሃው መንገድ መካከል የጣት ጥፍር ያህል ተበልቷል። የበላው እሳት ነው። ከዚያ የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ አጋድሜ፣ ልጁ ከወዲያ በስልኩ እንዲያበራ አደረግሁ። አባቴ ቢላዋ ሲሠራ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ስለቱን በጠፍጣፋ ብረት ላይ አቁሞ ከሥሩ ብርሃን ካየ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል። ከማስመሪያው ሥር መሀል ላይ የፀጉር ያህል ብርሃን ሾለከ፤ ሙቀቱ ቴስታታውን አጣሞታል።

«አያ፣ ይግቡና እርስዎም ይዩ።»

«የእኔ ዓይን ደክሟል።»

«የእኔ አልደከመም። እርስዎ እንደሚያውቁት።»

ልጁ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልቻለም። ሰውዬው ገብቶ አጎንብሶ አየ።

ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። አዲሱ ጓርኒሲዮን ሐሙስ በአውሮፕላን መጣ። ዓርብ ሁሉንም ነገር አጽድቼ ገጠምኩ፤ ቡሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር አጠበቅሁ። ወተት የመሰለውን ዘይት አፍስሼ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ባሌ እንኳ በመጀመሪያው ቁልፍ ያስነሳው ጥቂት ነው፤ ይህን እሱም ያምን ነበር።

«አሁን ዳገት እንሞክራት። አያ፣ ይግቡ» አልኩ።

«ልጄ ይግባ እንጂ።»

«ልጅዎ ያምነኛል።»

ወንበሯ ሁለት ብቻ ነውና ትከሻ ለትከሻ ተቀመጥን። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ወጣን። መንገዱን አላየም፤ ዓይኑን የሙቀት ቆጣሪው ላይ ተክሎ መርፌዋ እስክትወጣ ይጠብቃል። መርፌዋ ከመሀል ንቅንቅ አላለችም። ስንመለስ በቀስታ «ሸጋ ናት፣ እቴ» አለኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት እቴ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው።

ልቤ ግን አልራራም። ከመሣሪያው ሳጥን መቀስ አወጣሁና፣ ልጁ ቆሞ እያየ የቱታዬን ጫፍ ቆርጬ ለአባቱ ሰጠሁት።

«ይያዙት። ነገ መንገድ ላይ ከሞቀች ያጥኗታል።»

ጨርቁን ይዞ ቆመ፤ ሊጥለውም ሊይዘውም አልቻለም። ልጁ «አባዬ፣ ምንድነው?» ቢለው አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

እሑድ ማኪናዋ በአበባ ተሸፍና ወደ ቀሐ ስታልፍ ጎረቤቶቼ ደጅ ወጥተዋል። እኔም በሬ ላይ ቆምኩ። ሙሽራውን አየሁት፣ ሙሽሪትንም አየኋት፤ ማኪናዋንም ዳገቱን እስክትጨርስ ድረስ ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት። ጭስ አልነበራትም።