የእትዬ የሺ ጠፍጣፋ ዱላ

እትዬ የሺ ደግ ሴት ናቸው የሚባለው ትክክል አይደለም። ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላም፣ ባቡር ውስጥም፣ በማኅበራችን አዳራሽም የምሰማው ይህንኑ ነው፤ ደግ ናቸው፣ የሁላችንም እናት ናቸው፣ የሰፈሩን ልጆች አቅፈው ያሳደጉ ናቸው። እኔን አላቀፉኝም። ሌላ የታቀፈ ልጅም አላውቅም። እኔ የማውቃቸው እትዬ የሺ ሜዳው ጥግ ላይ በብርድ ስንቀጠቀጥ፣ «አንቺ ቀጭን፣ ሐውልት ነሽ እንዴ? ስመታ ሩጪ!» ብለው የሚጮኹብኝ ሴትዮ ናቸው። የማስታውሰው ደግነታቸውን ሳይሆን ምታቸውን ነው። ክርክሩም መሆን ያለበት ስለ ምታቸው ነው።

ክርክሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ማኅበራችን እዚህ ስዊድን፣ ሃሉንዳ በሚባለው ሰፈራችን የተከራየውን አዳራሽ አሳድሶ አንዱን ግድግዳ ብሬንቦል ለሚባለው የስዊድን የዱላና የኳስ ጨዋታ ተጫዋቾች ሰጥቷል። የሃሉንዳና የጎረቤቷ ከተማ የሶደርተልየ ሐበሾች በየበጋው በሚያደርጉት ግጥሚያ ስም ያወጡ መቺዎች ፎቶ ይሰቀልበታል። የእትዬ የሺ ስም ሲነሳ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «የመቱት በጠፍጣፋ ዱላ ስለሆነ አይቆጠርም» አለ። ሌላው ገሚስ ማስታረቂያ አመጣ፤ ፎቷቸው ከዚህ ግድግዳ ይቅርና ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ምግብ ሲያዘጋጁ ከኖሩት ሴቶች ጋር፣ «እናቶቻችን» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ይሰቀል። ሁሉም ደስ አለው። አሁን የሚቀረው በዓመታዊው ስብሰባ እኛ እጅ አውጥተን ማጽደቃችን ብቻ ነው።

ልጅ እያለሁ በጋ መግባቱን የማውቀው ከሃሉንዳ ፎቆች ጀርባ ያለው ሜዳ ሲታጨድ ነበር። የታጨደ ሣር፣ ከሰል ላይ የተረሳ ቋሊማ፣ ዝናብ የጠጣ የቴኒስ ኳስ፤ የእነዚህ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ማለት ነው። ብሬንቦልን ለወላጆቻችን ያስተማርነው እኛ ልጆች ነን። መቺው ኳሷን ራሱ ወደ ላይ ይወረውርና ራሱ በዱላ ይመታታል። ከዚያ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ መምቻው ቦታ ለመመለስ ይሮጣል። በሁለት ማዕዘን መካከል ሳለ ኳሷ ወደ መምቻው ቦታ ከተመለሰች «ተቃጠልክ!» ይባላል። ስለዚህ ብልጡ ማዕዘን ላይ ቆሞ ቀጣዩ መቺ ኳሷን አርቆ እንዲያስለቅቀው ይጠብቃል። ሁሉም ማዕዘን ላይ ተገትሮ መቺ ካለቀ ግን ቡድኑ በሙሉ ይቃጠላል።

አባቶቻችን መጀመሪያ ላይ ኳስ ወደ ላይ መወርወር አልሆነላቸውም። መሬት ላይ ያስቀምጡና እንደ ገና ጨዋታ ጎንበስ ብለው ይጠልዟት ነበር። አንድ ስዊድናዊ ጎረቤታችን ከሰገነቱ ላይ ሆኖ ሲያይ ከቆየ በኋላ ይህ የየት አገር ጎልፍ ነው ብሎ አባቴን ጠይቆታል። አባቴም ኮራ ብሎ «የእኛ» አለው።

ዱላው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክብ፣ ቀጠን ያለና ከባድ ነው። ሌላው ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፤ እኛ ልጆች «መቅዘፊያው» እንለው ነበር። የቡድናችን አለቃ ጋሽ ተፈራ፣ ፊሽካ በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚውሉ ሰው፣ ወንዶች በክቡ፣ ሴቶችና ልጆች በጠፍጣፋው ይምቱ የሚል ደንብ አወጡ። ለእኛ አስበው ነው ተባለ። በዚህ ዓለም ላይ ሰዎች ለእኔ አስበው ከሰጡኝ ነገር ውስጥ የጠቀመኝ ብዙም ትዝ አይለኝም።

እትዬ የሺ ያኔ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እርጥብ አንሶላ ሲጎትቱ ስለሚሰነብቱ ክንዳቸው የአናጢ ክንድ ይመስላል። ሌሎቹ ሴቶች ድስት ተሸክመው ሲመጡ እሳቸው የሚይዙት የተገዛ ብስኩትና በፌስታል የተጠቀለለ የስፖርት ጫማ ነው። ምግብ አያቀርቡም፣ ሳህን አያጥቡም፣ ልጅ አያባብሉም። የሚመጡት ለመምታት ነው። ሴቶቹ ያሟቸው ነበር፤ እናቴም አብራ ታማቸው ነበር።

ያ የማልረሳው ቀን ካፊያ ይጥል ነበር። ሶደርተልየዎች፣ አብዛኞቹ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ሜዳውን ሞልተው ቆመዋል። የእኛ ሰው ሁሉ ማዕዘን ላይ ቀርቷል። እኔ ሦስተኛው ላይ ነኝ። እናቴ ሁለተኛው ላይ ወገቧን ይዛ ቆማለች። መምቻው ቦታ ላይ የቀሩት እትዬ የሺ ብቻ ናቸው፤ ከሳቱ አለቀልን።

«ተፈራ፣ ክቡን ስጠኝ» አሉ።

«የሺዬ፣ ለአንቺ ይሄ ይቀልሻል።»

«ስለሚቀለኝ ጠየቅኩህ?»

ጋሽ ተፈራ ደንቡን ጠቀሱ። እትዬ የሺ መቅዘፊያውን ተቀብለው ኳሷን ወረወሩ፤ ሳቷት። እንደገና ወረወሩ፤ እንደገና ሳቷት። ከሶደርተልየዎቹ አንዱ «ዝንብ ነው እንዴ የሚያባርሩት?» ሲል ሜዳው በሳቅ ተሞላ። በመጨረሻው ዕድላቸው የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በር በንፋስ ሲላተም እንደሚሰማው ያለ ነበር። ኳሷ በሶደርተልየዎቹ ራስ ላይ፣ ከዚያም በበርች ዛፎቹ ላይ አልፋ ማዶ ካለው የብስክሌት መንገድ ወደቀች። ሮጥኩ። እናቴም ወገቧን ለቅቃ ሮጠች። ሁላችንም ከተመለስን በኋላ እትዬ የሺ አራቱንም ማዕዘን ዞረው፣ ማንንም ሳያቅፉ፣ ብስኩታቸው አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ጭቅጭቁ ወዲያው ተነሳ። ሶደርተልየዎች በመቅዘፊያ የተመታ ሙሉ ዙር አይቆጠርም አሉ። የሚገርመው ግን የእኛው ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን እያከኩ «እውነት ለመናገር…» ብለው መጀመራቸው ነው።

«የሰጠኸኝ አንተ፣ የምትከሰኝም አንተ?» አሉ እትዬ የሺ።

ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። የእኛ መመለስ ተቆጠረ፤ የእሳቸው ዙር አልተቆጠረም። የአሁኑ ኮሚቴያችን ማስታረቂያ መፍጠር የተማረው የት እንደሆነ የሚገርመው ሰው ካለ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ከእትዬ የሺ ደጋፊዎችም ጋር እጣላለሁ። በዚያው ቀን ክቡን ዱላ ነጥቀው በእሱም ኳሷን ያንኑ ያህል አራቁ እየተባለ ይወራል። አላራቁም። ነጥቀውታል፤ አየር መትተው ወርውረውታል። በእጅ ይዘውት በማያውቁት ዱላ በቁጣ ተነሥቶ መምታት ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ መቺ መሆን አያስፈልግም። ይህ ውሸት ግን አያስፈልጋቸውም። ጋሽ ተፈራም ዕድሜያቸውን ሙሉ በክቡ አየር ሲመቱ ነው የኖሩት፤ ፎቷቸው ግን ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከግድግዳው ላይ አለ።

ስለ ዱላው የሚባለውም ያልተጫወተ ሰው ወሬ ነው። በጠፍጣፋው ዱላ ኳስ መንካት ይቀላል እንጂ ማራቅ አይቀልም። ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ጉልበት የለውም፤ ትንሽ ከተንጋደደ ኳሷን ወደ ጎን ይተፋታል። እኔ በእሱ መትቼ ነው ያደግኩት፤ ኳሷ ከራሴ ጥላ ብዙም አልፋ አታውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እትዬ የሺ በየበጋው በዚያው ዱላ ከበርቾቹ ማዶ ሲያሳርፏት አይተናል። ሌላው ሁሉ በተሻለው ዱላ ያላደረገውን እሳቸው በባሰው አደረጉት። ይህ እንዴት መቀነሻ ነጥብ እንደሚሆን የሚያስረዳኝ እስካሁን አልተገኘም።

ባለፈው ወር አሁን ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ሶለንቱና፣ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ቀኝ ትከሻቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ስለ «እናቶቻችን» ጽሑፍ ስነግራቸው በጣም ሳቁ። «ምን አብስዬ አውቃለሁ ልጄ? የእኔን ወጥ የቀመሰ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር።» ሶፋው ላይ ስልኳን የምትነካካው የልጅ ልጃቸው አማርኛውን ሰምታ በስዊድንኛ ጣልቃ ገባች። አያቴ ብሬንቦል ትጫወት ነበር እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነው የጠየቀችው። እትዬ የሺ መሳቃቸውን አቆሙ።

ይሉኝታ ይዟቸው እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለወጣቶቹ ይሁን ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። በእኛ ዘንድ ሽልማት የሚገባው ሰው እንደማይፈልገው ማስመሰል አለበት። እሳቸው ግን ወደ ልጅቷ እያዩ፣ «እፈልገዋለሁ» አሉኝ። «ከመቺዎቹ ጋር። ካልሆነ ፎቶዬን ለማንም አልሰጥም፤ ወጥ ቤት በር ላይ የሌላ ሰው ፎቶ ስቀሉ።»

ያንን የተጫወትንበትን ሜዳ በዚህ በጋ ሄጄ አይቼው ነበር። አሁንም ይታጨዳል፣ ሽታውም ያው ነው። የማኅበሩ ልጆች ሁለቱንም ዱላ ሣሩ ላይ ጥለው ያሻቸውን እያነሱ ይመታሉ። አንድ ጠብደል ያለ ጎረምሳ ጠፍጣፋውን ሲያነሳ ማንም ምንም አላለውም። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ። ያን ቀን በካፊያው ውስጥ ማዕዘን ላይ ከቆሙት ብዙዎቹ የሉም፤ እናቴም የለችም። ያ ኳስ ከዛፎቹ በላይ ሲያልፍ በዓይኑ ያየ ሰው እያለቀ ነው፤ ያላየው ደግሞ ደግ ሴት ነበሩ ብሎ ሊገላገል ተዘጋጅቷል።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ ኑና ማስታረቂያውን ጣሉት፤ ከዚያ እጃችሁን ለመቺዋ አውጡ። ለእናትነታቸው ብላችሁ የምታወጡ ከሆነ ግን እባካችሁ እቤታችሁ ቅሩ።