ኖር በላይቭ

አባቴ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል አያውቅበትም። ሶማሌ ተራ አጠገብ ባለችው የብርድ ልብስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጥላ ካየ፣ ገዢ ይሁን መንገድ ጠያቂ ሳያጣራ፣ ባንኮኒውን ደገፍ ብሎ ከወንበሩ ይነሳና «ኖር!» ይላል። የገባው ሰው ወግ የሚያውቅ ከሆነ «ኧረ በእግዜር! አይነሱ!» ብሎ ይመልሳል፤ አባቴም ይቀመጣል። ስለ ብርድ ልብስ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ከመነሳቱ በፊት ያቃስታል፤ መነሳቱን ግን አልተወም።

ችግሩ የሚነሳለት ሰው መጥፋቱ ነበር። ድሮ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች ክረምት ሳይገባ ይመጡና ብርድ ልብሱን በቦንዳ አስጭነው ይሄዱ ነበር። አሁን ባሉበት ሆነው ስልካቸው ላይ ፎቶ አይተው ያዛሉ፣ ዕቃው በጭነት መኪና ይደርስላቸዋል። የአባቴ ሱቅ ደግሞ ስልክ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ጠዋት ይከፍታል፣ አቧራ ያራግፋል፣ ውጭ ተሸካሚዎቹ «መንገድ! መንገድ!» እያሉ ሲያልፉ ያያል፣ አመሻሽ ላይ ይዘጋል።

ታላቅ ወንድሜ ነገሩን አንድ እሁድ ምሳ ላይ አነሳው። «አባዬ፣ ይበቃሃል። ሱቋን እናከራያትና አንተ ቤት አረፍ በል» አለ። ወንድሜ ክፉ አይደለም፤ የአባታችን ጉልበት አሳዝኖት ነው።

አባቴ የጠቀለላትን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። «ቤት ማን ይመጣል?» አለ።

አባቴ የፈራው ገንዘብ ማጣትን አልነበረም፤ ማንም የማይገባበት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ መዋልን ነበር። ወንድሜም ለዘብ አለና «እሺ፣ ክረምቱ ይውጣ። ገበያ ከሌለ ግን መስከረም ላይ እናከራያታለን» አለ።

እኔ ሆዬ ምላሴ ቀድሞኝ «ግድ የለም፣ ሱቋን ስልክ ውስጥ አስገባታለሁ» አልኩ። የምተዳደረው የሰው ዕቃ በኢንተርኔት በማስተዋወቅ ነው። የሰው ጫማና የሰው ሶፋ ካሻሻጥኩ የአባቴ ብርድ ልብስ ምን ያቅተኛል ብዬ ነበር።

አቅቶኝ ነበር። ቻናል ከፈትኩ፣ ብርድ ልብሶቹን በየቀለማቸው ደርድሬ ፎቶ አነሳሁ፣ ብሎግ ላይ «ለክረምት ምን ዓይነት ብርድ ልብስ ይሻላል?» የሚል ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ። ጽሑፉን እኔ አነበብኩት። አክስቴ ደግሞ ሳታነብ ላይክ አደረገችልኝ። በዚህ ላይ ሥራዬ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ዘመድ አይጠፋም።

የቀረኝ ላይቭ ነበር። ስልኩን ባንኮኒው ላይ አቁሜ ለአባቴ አስረዳሁት። «ሰዎች ባሉበት ሆነው አንተን ያዩሃል። ስማቸው እዚህ ጋ ብቅ ሲል ገቡ ማለት ነው። አንተ ስለ ዕቃው ትነግራቸዋለህ።»

«ሲገቡ ትነግሪኛለሽ?»

«እነግርሃለሁ።»

ያቺን «ገቡ» የምትል ቃል ነው ያላሰብኩባት። ጀመርን፤ የመጀመሪያው ስም ብቅ አለ። «አባዬ፣ አንድ ሰው ገባ» አልኩት። አባቴ አቃሰተ፣ ባንኮኒውን ደገፈ፣ ተነሳና ለስልኩ «ኖር!» አለ።

ሳቄ አመለጠኝ። «አባዬ፣ እዚህ እኮ የለም!»

«ገባ አላልሽም?»

«ገባ፣ ግን...»

«ከገባ ገባ ነው» አለና ተቀመጠ። ወዲያው ሌላ ሰው ገባ። ተነሳ። ደግሞ ሌላ። ብርድ ልብሱን እንዳያሳይ መነሳቱ እየያዘው፣ መነሳቱን እንዳይተው ወጉ እየያዘው፣ ላቡ ጠብ እስኪል ሲነሳና ሲቀመጥ ቆየ። እንዳይነሳ ብዬ የገባውን ሰው ሳልነግረው ስቀር ደግሞ በመነጽሩ አጮልቆ ስሙን ራሱ ማየት ጀመረ። አንድም ብርድ ልብስ አልተሸጠም።

በማግስቱ አንዱ ሥራ ፈት ቪዲዮውን ቆርጦ፣ አፍጥኖ፣ ጭፈራ ጨምሮበት ለቀቀው። አባቴ እንደ አሻንጉሊት ብድግ ቁጭ ይላል። በየስልኩ ዞረ። ጎረቤት ያለ ነጋዴ ደስ የሚለው መስሎት ራሱ አምጥቶ ለአባቴ አሳየው።

አባቴ እስከ መጨረሻው አየው። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጁ ለባለቤቱ መለሰና ወደ እኔ ዞሮ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ያንን ሥራ ፈት ባገኘው ደም እስኪወጣው ጆሮውን እቆነጥጠው ነበር። ወንድሜም ደወለና ጮኸብኝ። «በቃ መሳቂያ አደረግሽው! መስከረምንም አልጠብቅም፣ ተከራይ እፈልጋለሁ!» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለእኔ የተተረተ መሰለኝ።

ከምሳ በኋላ ሱቁ ውስጥ ቦንዳ ላይ ተቀምጬ ብሎጌን ከፈትኩ። ዋጋ የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ፤ በንዴት ብቻ ጻፍኩ። አባቴ ከገጠር ሲመጣ መርካቶ ውስጥ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ሥራ ፍለጋ በየሱቁ ሲገባ ቀና ብሎ ያየው የለም። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ግን ያንን አቧራ የለበሰ ወጣት ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነስተው «ኖር» አሉት። መልሱን እንኳ እስኪረሳ ደነገጠ። ሥራ የጀመረውም እሳቸው ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባን ሰው ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም። «የምትስቁት በዚህ ነው፤ ጉልበቱ እያመመውም የሚነሳው ለእናንተ ነው» ብዬ ጨረስኩና ለጠፍኩት።

ያንን ጽሑፍ ሰዉ አነበበው። ከዚያ በፊት ለሽያጭ ብዬ ከጻፍኩት ሁሉ ይልቅ እሱ ከሰው ሰው ዞረ፤ ሥሩም «ቀጣዩ ላይቭ መቼ ነው? እንመጣለን» የሚል ተጻፈበት።

አባቴ ላይቩን ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «እንመጣለን ብለው ዘግተን ቢያገኙን ነውር ነው» አለ። ስልኩን እንደገና ባንኮኒው ላይ አቆምኩት። ሰዉ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በዛ። ግማሹ አሁንም ለሳቅ የመጣ ነው፤ «ተነሱ እንጂ ጋሼ!» እያለ ይጽፋል። የአባቴ ዓይን የሚፈልገው ስም ብቻ ነው፤ ቀልዱን እኔ ምን በወጣኝ አነብለታለሁ?

በመሃል ፎቶ የሌለው፣ «መንገደኛ» የሚባል ስም ብቅ አለ። እኔ አልነገርኩትም፤ አባቴ ግን አየው። አቃሰተ። ባንኮኒውን ያዘ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት መለስ አለ፤ እንደገና ሞከረና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኖር! ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለ።

ከዚያው ስም ሥር አንድ ኮሜንት መጣ፤ ይሄንን ግን ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። በእግዜር፣ አትነሳብኝ።»

ወንድሜ ነበር። የጻፍኩትን አንብቦ፣ በዓይኑ ሊያይ ነው የገባው። ለልጅ አባት አይነሳም፤ በእኛ ቤት ልጅ ነው ለአባት የሚነሳው። አባቴ ቆሞ እንደቀረ ወደ እኔ ዞረ።

«ለልጄ ነው የተነሳሁት?»

«አዎ አባዬ።»

አሰበ፤ ከዚያም ፈገግ አለ። «ምንም አይደል። ወደ ሱቄ ከገባ እንግዳዬ ነው» ብሎ ተቀመጠ። እኔ ዓይኔን በብርድ ልብስ ጫፍ ጠረግሁ። ስልኩ ላይ ሰዉ እየተቀባበለ «ኧረ በእግዜር! አይነሱ ጋሼ!» እያለ ይጽፍ ጀመር። አንዱ ስለ ወፍራሙ ብርድ ልብስ ጠየቀ። ሌላዋ ድሮ ከአባቴ ትወስድ የነበረች የክፍለ ሀገር ነጋዴ ኖራ ሰላምታዋ አላልቅ አለ፤ ሰላምታው ሲያልቅ አዘዘች።

በማግስቱ ወንድሜ ሱቅ መጣ። ተከራይ ይዞ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን የያዘው ካሸር የሚቀመጥበት ዓይነት ከፍ ያለ ወንበር ነበር። የአባታችንን አጭር ወንበር አነሳና ያንን ተካበት። አባቴ ወጣበት፣ ተደላደለ፣ ከዚያ መነሳትን ሞከረ። አላቃሰተም።

«ይሄ ወንበር ግማሹን ተነስቶልኛል» አለ።

«ግማሹን አንተ ተነስ እንግዲህ» አለ ወንድሜ። ዓይኑ ቀልቷል። ስለ ኪራይ መስከረም ላይም ማንም አላነሳም። ያን ቀን ወንድሜ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ አቆመና የስም መምጫውን እያየ ቆየ።

«አባዬ» አለ፣ «ሰው ገባ።»